የሦስት ቀን ስንቅ

አገር ቤት ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ በነበረ ጊዜ፣ ሃያ ሆነው ሲሚንቶ ላይ ተጋፍተው ነበር የሚተኙት። ግን ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ስሙ ይጠራል። ታላቅ እህቱ ውባለም ስንቅ ይዛ መጥታለች ማለት ነው። ዘበኛው ፊት አንድ ጉርሻ ቀምሳ ታቀብለዋለች።

ሁለቱ ተከታትለው በተሰደዱበት አገር ወረቀት የለህም ተብሎ ሲያዝ፣ ንጹሕ አልጋ፣ ብርድ ልብስና ሙቅ ውሃ ሰጡት። ምግቡንም ፖሊሶቹ ራሳቸው ያመጡለታል። ሦስት ቀን ሙሉ ግን ስሙን የጠራ የለም። በተያዘበት ማለዳ ከውባለም ጋር ክፉ ቃል ተነጋግረው ነበር።

"አልፈርድባትም፤ ትታኛለች" አለ በልቡ።

በሦስተኛው ቀን አስተርጓሚው በስልክ፣ "ወንድሜ፣ የሚቀበልህ ዘመድ እዚህ ካለህ ዛሬውኑ ይለቁሃል። ከሌለህ ወደ አገርህ ይመልሱሃል" አለው።

"ማንም የለኝም" አለና ፈረመ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና ከግቢው ሲወጣ፣ ውባለምን በመስኮቱ አያት። በሩ ላይ ቆማለች። ዘበኛው፣ ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ በጣቱ ያሳያታል። እግሯ ሥር ሁለት ምሳ ዕቃ ተቀምጧል። ሦስተኛውን ከፍታ፣ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ለዘበኛው እያሳየችው ነበር።