ጭረት ከጭረት

ለሰፊው ሕዝብ የተላለፈ ማስታወቂያ፦ ከዛሬ ሐምሌ ሰባት ቀን 1970 ዓ.ም. ጀምሮ የእስረኛ ምሳ ክዳን ይኖረዋል።

ከተማ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዝናቡ ፊደሉን እንዳያጠፋበት ጎንበስ ብሎ ነው ያነበበው። ዝንብ የጤና ጠንቅ መሆኑ ስለታመነበት፣ ይላል። እስር ቤት በሆነው የቡና መጋዘን በር ላይ የተሰለፉት ሴቶች በጥሞና አዳመጡ።

"ዝንቡም ታወጀበት?" አሉ እማማ ሸዋረገጥ። ልጃቸው ውስጥ ነው። "እኛ እንኳ የፈራንላቸው ከዝንብ አልነበረም።"

"እማማ፣ ዝም ብለው ይሰለፉ።"

"ቆሜ አይደል? አንተን ክርስትና ሳነሳህ እንኳ ይህን ያህል አልቆምኩም።"

ትናንት ማታ ከዚህ በር አንድ የጭነት መኪና ወደ ጅማ ዳርቻ፣ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ወጥቶ ነበር። አሸዋ ሊያመጣ ነው ተባለ። በጅማ ክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ሰዓት አሸዋ የሚጭን ሰው ማንም አያውቅም፤ ሰልፉ ግን በአሸዋው ተስማምቷል። አንዷ እንዲያውም ግቢው አሸዋ ያስፈልገው እንደነበር አስታወሰች።

ከፊት የቆመችው ፈድሊያ የክዳን ችግር የለባትም። ባሏ አብዱልፈታሕ እንጨት ጠራቢ ነው፤ የያዘችውን ገበቴ ከነክዳኑ ከአንድ የሰርቦ ዋንዛ የጠረበላት እሱ ነው። ክዳኑን ግን ልክክ አላደረገውም። "ዛፉ ቢወድቅም እንጨቱ ውሃ መጠጣቱን አይተውም" ይላት ነበር። ክረምት ሲገባ እንጨት በቁመቱ አያድግም፤ በጎኑ ይሰፋል። ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ክፍተት ተወለት፤ ከክዳኑም ከገበቴው አፍም ላይ አንድ አንድ ጭረት አሳረፈ። ጭረት ከጭረት ከገጠመ ክረምት ከበጋ በአንድ ጣት ይነሳል። አዙረው ከተጫኑት ነክሶ ይይዛል።

ከታሰረ ጀምሮ ባዶው ገበቴ የሚመለስላት ጭረት ከጭረት ገጥሞ ነው። ደብዳቤ ክልክል ነው፤ ይሄን ግን የከለከለ የለም። ለማንም አልተናገረችም።

ከተማ ምሳዋን ተቀብሏት ገባ። ቆየት ብሎ ገበቴውን ታቅፎ ወጣ።

"ፈድሊያ፣ ያንቺ በልቷል። ጣፍጦኛል ብሏል።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሰልፉ፣ ክርስቲያኑም ጭምር።

"ሌላስ? ምን አለ?"

"ምን ይላል? ሰላም በልልኝ አለ። ነገም አምጪ። ቃሪያው ብቻ ትንሽ ይቀነስ።"

ገበቴው ቀሏል። አውራ ጣቷ ጭረቱን ፈለገ። የገበቴው ጭረት ወደ እሷ ዞሯል፤ የክዳኑ ወደ ጎን። ክዳኑ ነክሶ ይዟል። ጠርዙ ላይ ገና ያልጠቆረ አዲስ ቁስል አለ።

ቃሪያ ሲበዛለት የሚወድ ሰው ነበር።

"ያ ከተማ" ብላ በኦሮምኛ ጠራችው፣ ቀስ ብላ። "ሂን በነሙ። አልከፈት አለኝ።"

"ይሄማ ቀላል ነው፣ አምጪው።"

ሊረዳት ነው፤ ጎረቤት ናቸው። ሳንጃውን መዘዘና፣ ዓይኑን ከፊቷ ሳያነሳ፣ ጫፉን ቁስሉ ውስጥ ሰደደው። ልክ ገባ። እጁ እንደለመደው ጠምዘዝ አደረገው፤ እንጨቱ ጮኸ፣ ክዳኑም ለሁለት ተሰንጥቆ ተነሳ።

ከዚያ እጁ ባለበት ቆመ። ሳንጃውን አየ። ወደ ሰገባው አልመለሰውም።

ስለ አሸዋ የሚያወራ ጠፋ። እማማ ሸዋረገጥ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው የያዙትን ሳህን ዝቅ ብለው ጭቃው ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውንም ሰበሰቡ። ከኋላቸው ያለችውም አስቀመጠች። ቀጥሎም ሌላዋ።

ዝናቡ ያልተከደነው ወጥ ላይ ይወርድ ጀመር።