አረንጓዴው ባንዲራ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ጓሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ጡረተኛው የባቡር ነጂ፣ ጎረቤቱ ወይዘሮ ዘሃራ፣ እንዲሁም የአንዲት የበረሃ ጣቢያ ሹም፣ በባቡር ሠራተኞች አጠራር «ሼፍ»፣ የነበሩት አቶ ዘርጋው። ነጂው የቀድሞ ባልደረቦቹን ሁሉ ጠርቶ ነበር፤ ሌሎቹ ቀሩ። ከወተት ጣሳና ከናስ ቱቦ ብቻውን ሲቀጠቅጥ ከርሞ የሠራት ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ስትሄድ፣ አንድ የሙያ ሰው እንዲያይለት ጓጉቷል።

ሐዲዱን ዘረጋና ከባቡሯ ሥር የአልኮል መብራት ለኮሰ። ውሃው ፈላ፤ ባቡሯ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ነጂው ጣቱን የእንፋሎት መክፈቻው ላይ አድርጎ ጠበቀ። አቶ ዘርጋው ግን ይዘውት የመጡትን፣ ባቡር እንዲነሳ የሚውለበለበውን አረንጓዴ ባንዲራ ከጭናቸው አላነሱም።

«ሼፍ፣ ምልክት ይስጡኝ እንጂ!»

«ቆይ፣ ተሳፋሪ አልሞላም።»

ነጂው ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ «ኧረ ሼፍ፣ ውሃዬ ሊያልቅ ነው!» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ክፈተውና ትሂድ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ።

«ያለ ምልክት?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ፤ እንደ እብድም አዩዋቸው።

እንፋሎቱ ሳሳ፤ ባቡሯም ጸጥ አለች። የነጂው ዓይን እንባ አቀረረ።

«ምን በደልኩዎት?»

አቶ ዘርጋው ባንዲራውን በጥንቃቄ ጠቀለሉት።

«ዕድሜ ልኬን፣ ባንዲራ ባውለበለብኩ ቁጥር እናንተ ትሄዳላችሁ፤ እኔ እዚያ በረሃ ብቻዬን እቀራለሁ። ዛሬ እንኳ አንዷ ባቡር ትቆይልኝ ብዬ ነው።»

ነጂው መብራቱን አጠፋ፤ ወንበር ስቦም አጠገባቸው ተቀመጠ።