የዶክተር ጭጋግ አማት

ሰለሙን ፊልም ከሠራ ወዲህ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ደፍሮ ሰላም የሚለው ሰው ጠፋ። የታክሲ ረዳት እንኳን ሒሳብ ሊጠይቀው ይፈራ ነበር።

ፊልሙ «የሰንጋ ተራው ንስር» ይባላል። ጀግናው በጅምር ፎቆች መካከል እየበረረ ከተማዋን ያድናል። ከሲኒማ ቤት የወጣው ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ክፉው ስለ ዶክተር ጭጋግ ነበር። ፊቱ አይታይም። የቆዳ ጭምብል፣ መሬት የሚጠርግ ካፖርት፣ በማሽን የጎረነነ ድምፅ ብቻ። አይሮጥም፣ አይጮህም። የያዘውን ሰው ቀስ ብሎ «ና እስቲ ቁጭ በል። በልተሃል?» ሲለው አዳራሹ ጸጥ ይላል።

ዳይሬክተሩ ቦጂያ ራሱ ነገሩ አልገባውም።

«ሰለሙን ልምምድ ላይ ደረቅ እንጨት ነበር» አለ ለጋዜጠኞች። «ላባርረው ስል ቀረጻ ተጀመረ። በየቀኑ ጭምብሉን ከቤቱ አጥልቆ ይመጣል፣ እንዳጠለቀ ይሄዳል። ከማንም ጋር አያወራም፤ ምሳ እንኳን አብሮን አይበላም። ሰውየው ገጸ ባሕርይውን ኖረው!»

ባለሱቋ ደሚቱ ይህን በሬዲዮ ሰምታ አማተበች።

«እኔ የምታሳዝነኝ ሚስቱ ሕያብ ናት» አለች። «እናቷ እትዬ አባዲትም ቢሆኑ፣ ፊልሙ የተቀረጸ ሰሞን ከቤት እየሸሹ ጠበል ሲውሉ አልነበር? ምን ቢያዩ ነው?»

እትዬ አባዲት ከአማቻቸው ቁመት የማያንሱ፣ ከልደታ ማርያም ሌላ መንገድ የማያውቁ የሚመስሉ ዝምተኛ ሴት ናቸው። አንድ እሑድ ሕያብ ሲኒማ ወሰደቻቸው። ሲመለሱ ደሚቱ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«እንዴት አገኙት፣ እትዬ?»

«ክፋት ልብ ውስጥ ከሌለ ከየት ይመጣል፣ ልጄ?» አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደሚቱ ለሰለሙን ስኳር ስትሸጥ እጁን ላለመንካት ባንኮኒው ላይ ማስቀመጥ ጀመረች።

በዓመቱ መጨረሻ ሰለሙን ምርጥ ተዋናይ ተብሎ ተሸለመ። መድረክ ላይ ወጥቶ ዋንጫውን አቀፈና አለቀሰ።

«ይሄ ሽልማት ለእኔ አይገባም» አለ።

ሕዝቡ በትሕትናው ተነክቶ ቆሞ አጨበጨበ። ቦጂያ ማይኩን ነጠቀውና ክፍል ሁለት በቅርቡ እንደሚጀመር አበሰረ። ሰለሙን ፊቱ አመድ መሰለ።

ቤት እንደገባ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ምስር እየለቀሙ የነበሩት አማቱ ፊት ሄዶ ተንበረከከ።

«እማማ፣ ክፍል ሁለት ሊጀመር ነው። ምን ይሻለኛል?»

እትዬ አባዲት ከምስሩ ቀና አላሉም።

«በዚህኛው ጀግናውን እንድገድለው ካልተፈቀደልኝ፣ ጭምብሉን አላጠልቅም።»