የሃሊሞ አውራ ጣት

«አሥራ ሦስት» ትላለች እናቴ በሶማልኛ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«አሥራ አምስት ነው የምትለው» እላለሁ እኔ በአማርኛ፣ ዓይኔን ሳላሽ።

ከኋላችን የተሰለፉት ሴቶች በሳቅ ይፈርሳሉ። አቦ፣ ምን ዓይነት ሰልፍ ነው! የቡናው መጋዘን በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ከተቀመጠው ሰውዬ በቀር ሶማልኛ የማይሰማ አንድም ሰው የለም። እሱም ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው እንጂ ድሬ ወር ቢሰነብት ይገባው ነበር።

ስሙ አለምብርሃን ነው፤ የመጣው ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። አዲሱ የሠራተኛ አዋጅ ስለወጣ ቡና ለቃሚ ሁሉ በስምና በዕድሜ ይመዝገብ ተብሏል። ያልተመዘገበ ከዛሬ ጀምሮ በሩን አያልፍም። አሥራ አራት ያልሞላው ደግሞ አይመዘገብም።

«ምንድነው የሚያስቃቸው?» ይለኛል።

«ሙቀቱ ነው ጋሼ።»

አላመነኝም። ከኋላዬ ወደቆመችው ወደ እትዬ ሙሉነሽ ያያል። የባቡር ሠራተኛ ሚስት ናት፤ ሶማልኛው እንደ ውኃ ነው፣ ውሸት ግን አይሆንላትም።

«እናትየዋ አሥራ ሦስት ነው ያለችው» ትላለች አንገቷን ደፍታ። «እውነቱ ግን አሥራ አምስት ነው። የኔን ልጅና እሷን በአንድ ሳምንት ነው የወለድናቸው። የኔው ጢም አብቅሏል።»

«ታዲያ እናቷ ምን ነክቷት ትቀንሳለች?»

የዛሬ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል ልመዘገብ ስንሄድ ዲሬክተሩ ከዘጠኝ ዓመት በላይ አልቀበልም አለ። እኔ አሥራ አንድ ሞልቶኛል። እናቴ «ዘጠኝ ናት» ብላ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች። ይኸው ካርዴ ላይ ዕድሜዬ ሁለት ዓመት ወደኋላ እንደቀረ ቀረ። ካርዱን እዚህ ያመጣሁት ደግሞ ማን ይመስላችኋል? እኔው! ማንም ሳይጠይቀኝ! አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ማንበብ አውቃለሁ፣ ምናልባት ጆንያ መዝጋቢ ያደርጉኛል ብዬ። ብልጥ ነኝ ባይ!

«እኔ ክፉ አይደለሁም» ይላል አለምብርሃን ላቡን እየጠረገ። «አዋጁ ለእናንተው ሲባል የወጣ ነው። ሶቪየት ብትሄጂ፣ እዚህ ጅቡቲ እንኳ ብትሻገሪ፣ ልጅ አይሠራም።»

«ታዲያ የሶቪየት ልጅ ምን ይበላል?»

«ሃዎ! እውነቷን ነው!» ይላሉ ሴቶቹ። እናቴ ምን እንዳልኩ ባይገባትም በክርኗ ትጎስመኛለች።

እሱ ምን አለበት! አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስንለይ ነው ሦስቱ ታናናሾቼ በልተው የሚያድሩት። እኔ ከዚህ በር ከተባረርኩ ገጠር፣ ዋሂል ያለው አጎቴ ቤት ሄጄ የሚስቱን ልጆች ሳዝል መኖሬ ነው። ነገሩ አልቋል፤ እናቴና አጎቴ ትናንት ማታ ተነጋግረውበታል።

አለምብርሃን ካርዱን አገላብጦ፣ ሰልፉን አይቶ፣ በረጅሙ ይተነፍሳል።

«እሺ። የፊተኛው ስህተት ነው ብላ እዚህ ቅጽ ላይ ታትም። አሥራ አምስት ብዬ እጽፍልሻለሁ።»

በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ለእናቴ በሶማልኛ አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ። «ሆዮ፣ ጣትሽን ብቻ! አንድ ጊዜ!»

እናቴ ቀኝ እጇን ትከሻዋ ላይ በደረበችው ጋርባሳር ውስጥ ትከታለች።

«በዚህ ጣት ዘጠኝ ናት ብያለሁ። በዚሁ ጣት ደግሞ ሌላ ልበል? አላህ ፊት ስቆም የቱን ይመስክርልኝ?»

«ሆዮ፣ ውሸቱ እኮ ያ ነው! ይሄኛው እውነት ነው!»

«አውቃለሁ። ጣቱ ግን አንድ ነው።»

ወላሂ ልጮህ ነው። ላንቺ ብዬ ዋሸሁ ትላለች፤ አሁን ደግሞ ላንቺ ብዬ እውነት አልናገርም! እኔ ያጠፋሁት ምንድነው፣ መወለዴ?

«ሃሊሞ፣ እባክሽ» ትላታለች እትዬ ሙሉነሽ እናቴን። «ፀሐዩ ጨረሰን።»

አሁን የሚስቅ የለም። እናቴ የቀለሙን ሳጥን ታየዋለች፣ ታየዋለች። ከዚያ ግራ እጇን ከጋርባሳሩ ታወጣና አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን ታደርጋለች።

«ይሄኛው እስከ ዛሬ ምንም አላለም» ትላለች።

ይህንን ለአለምብርሃን ቃል በቃል እተረጉምለታለሁ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው።

አለምብርሃን ቅጹን ወደራሱ ይስበዋል። የእናቴ ጣት አየር ላይ ይቀራል።

«የቀኝ አውራ ጣት ነው የሚለው» ይላል፣ መስመሩን እያሳየኝ። አነበብኩት። ይላል። ማንበብ በማወቄ ተናደድኩ።

«ጣት ጣት አይደለም ጋሼ?»

«ቅጹን እኔ አላወጣሁትም እቴ። ማክሰኞ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ምከሩበት።» ቀና ብሎ ላለማየት ወረቀቱን ያስተካክላል። «ቀጣይ!»

የእናቴ ስም ቀድሞ ተመዝግቧል። ደወሉ ሲመታ ትገባለች። ልከተላት ስል ዘበኛው ዋርፋ ዱላውን አግድሞ «ናያ፣ ወዲያ» ይለኛል፤ ትናንት በዚሁ በር ስገባ «ደህና አደርሽ» ያለኝ ሰውዬ።

የበሩን ብረት ይዤ ወደ ውስጥ አያለሁ። ሴቶቹ የቡናውን ክምር ከበው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። እናቴም ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች። ኩልሚዬ የምትባለው አዲሷ ለቃሚ ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ አይታ ትመጣለች።

እናቴ ቀና አትልም። አንድ እግር ጫማዋን ታወልቅና እኔ የምቀመጥበት ምንጣፍ ላይ ታስቀምጠዋለች።

ኩልሚዬ ጫማውን ታያለች። ወደ በሩ ዞራ እኔን ታያለች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ሌላ ጋ ትሄዳለች። እናቴ ባዶ እግሯን አጥፋ፣ ጥቁሩን ፍሬ መልቀም ትጀምራለች።