የላይኛው መሳቢያ

ማኅበሩ የተሰበረ ተሽከርካሪ ወንበር በነፃ ይጠግናል። ያለው አንድ ጋራዥ፣ ሁለት በያጆችና ባለ ሁለት መሳቢያ ካዝና ነው። ሲቋቋም የላይኛው መሳቢያ ለጋሽ በጠፋ ጊዜ ለሚያስፈልግ መጠባበቂያ፣ የታችኛው ለሥራ አስኪያጁ የጡረታ ቁጠባ ተመደበ። «ገንዘብ እጄ ላይ አይበረክትም፤ ከደሞዜ እየቆረጡ ያስቀምጡልኝ» ብሎ የለመነው ራሱ ነው። ራሱን በደንብ ያውቃል።

የለመናቸው ገንዘብ ያዧን፣ እትዬ ቁልፌን ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው የካዝናው ቁልፍ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው። ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ብቻ ምስማር ላይ ይሰቅሉታል።

ወሬያቸው ግን አያልቅም። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው አውራ ዶሮ፣ ጣሪያው ያፈሰሰ ክረምት ካዝናውን እንዴት አራግፈው እንዳደረቁት ያወራሉ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እየነካካ «እሺ እትዬ፣ እሺ» ይላል።

ዘንድሮ ለጋሾቹ ድምፃቸው ጠፋ። መጠባበቂያው ካልደረሰለት ጋራዡ መዘጋቱ ነው። የቦርድ ሰብሳቢዋ ኦዲተር ይዛ መጣች። ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣል፤ ከዚያች ቁጠባ ሌላ የሚተዳደርበት የለውም፤ በዚህ ሰዓት ቅሌት ምን ያደርግለታል?

«መቼም ሰው ማማት አልወድም» አለ። ይወዳል። «ግን እትዬ ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሱት በምን ብር ነው? ቁልፉስ ያለው ማን አንገት ላይ ነው?»

ሰብሳቢዋ ከንፈሯን መጠጠች። እትዬ ቁልፌ ደማቸው ፈላ።

«ልጄ የላከልኝ ነው! ኧረ የሰው ያለህ!»

«እንግዲያው የላይኛው መሳቢያ ይከፈታ» አለ አዲሱን የእጅ ሰዓቱን እያየ። «አንድ ሳንቲም ከተገኘበት እኔን እሰሩኝ።»

ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ከፈቱት። ባዶ ነው። አንዲት የዛገች ስፒል ብቻ ጥግ ይዛለች።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ያዘነ ለመምሰል እየታገለ።

እትዬ ቁልፌ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ቁጣቸው ሁሉ ጠፍቶ እንባቸው መጣ።

«ወይኔ ልጄን! ጉድ ሆንክ!»

«እኔ ምን ሆንኩ? ጉድ የሆነው ማኅበሩ!»

የታችኛውን ሳቡት። እስከ አፉ በብር እስር ተጠቅጥቋል። ኦዲተሩ መነጽሩን አድርጎ መቁጠር ጀመረ።

«ማኅበሩማ ምን ሆነ? ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ የእሱ ብር እንዳይርስ ብዬ ታች አውርጄ፣ ያንተን ጡረታ ወደ ላይኛው አውጥቼው የለ?»