የአሞሌ ተራ በር

በአሞሌ ተራ የነበሩት የጥንት ነጋዴዎች ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ በቦታቸው ምስላቸው በብርሃን ቆሟል፤ የእኔም ቤት አንዱ ነው። የከተማው ቅርስ ክፍል ደንብ በብርሃን የቆመ ቤት እንዳልፈረሰ ይቆጠራል ስለሚል ምትክ ቤት ተከለከልኩ። በብርሃኑ ግድግዳዎች መካከል ሸራ ወጥሬ እኖራለሁ።

ትናንት ዝናቡ በሸራው ቀዳዳ አልጋዬን ሲያረጥበው የቅርስ ክፍሉ ሠራተኛ ይኄይስ በጓዳዬ ግድግዳ ሰተት ብሎ ገባ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ቤትዎ እንዴት አምሮበታል! ‹ቤቴ አልፈረሰም› ይበሉኝና መዝግቤ ልሂድ።»

«ሰው ቤት በግድግዳ አይገባም» አልኩት። «ውጣና እንደ ወጉ ከደጅ ‹ቤቶች!› በል።»

እየሳቀ ወጣ። ሟቹ ባለቤቴ ደምሰው በእጁ የጠረበው በር ምስል ፊት ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ጮኸ።

አልጋዬን ከቀዳዳው ሥር ጎትቼ አወጣሁ።

«ቤቶች! ኧረ እትዬ፣ በሰበስኩ እኮ!»

«አልሰማሁህም፤ አንኳኳ!»

እጁን ሰነዘረ። ጣቶቹ በሩን አልፈው እኔ ዘንድ ብቅ አሉ። ደንግጦ ሰበሰባቸው፤ ሳቁም ጠፋ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግብ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የማንኳኳው በር አጣሁ በል።»