ጥቁር ነጥብ የሌለበት ቱቦ

ቦርሳውን ያመጣችው ዓለምብርሃን ናት። ቡሬ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። አሸናፊ የሚባል የስፖርት መምህር ረጅም ርቀት ሲሮጥ በጀርባው የሚያዝለውን የውሃ ቦርሳ በአዲስ ሲቀይር አሮጌውን ለእሷ ሰጣት። በውስጡ ሁለት ሊትር የሚይዝ የላስቲክ ከረጢት አለ፤ ከከረጢቱ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። የቱቦው ጫፍ በጥርስ ሲነከስ ወይም በጣት ሲጨመቅ ውሃ ይለቃል።

አባቷ መሪጌታ ስመኘው ፍኖተ ሰላም ዳር ከሁለተኛ ሚስታቸው ከንግሥቴ ጋር ይኖራሉ። በጥር ወር ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ግራ እጃቸው ቢንቀሳቀስም ስለሚንቀጠቀጥ ኩባያ አይዝም። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ሌላ ሰው ደግፎ ሲያጠጣቸው ዐይናቸውን ይጨፍኑ ነበር።

ቦርሳው ከራስጌያቸው ምስማር ላይ ተሰቀለ። ቱቦው ትራሳቸው ላይ ወረደ።

“ከውሃ በቀር ምንም አይገባበትም፣ እትዬ” አለች ዓለምብርሃን።

“እሺ” አለች ንግሥቴ።

መሪጌታ አንድ ጊዜ ተጎነጩና “ጥሩ ነው፣ ልጄ” አሉ። ልጃቸው ምንም ነገር ብታመጣላቸው የሚሉት ይህንኑ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስትመጣ ቱቦው ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ አየች። ሻጋታ ነው። ደቃቅ ጉንዳኖችም ቱቦውን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ዓለምብርሃን መቆጣት አይሆንላትም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለንግሥቴ አሳየቻት፤ ጫፉን ነቅሎ ለብቻው መዘፍዘፍ፣ ቱቦውን በሙቅ ውሃና በሶዳ መሙላት፣ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ ከዳር እስከ ዳር መሳብ፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከዚያ አየር እንዲገባው አፉን ከፍቶ መስቀል።

“ዋናው ማድረቁ ነው” አለች።

“መሪጌታ፣ ልጅዎ ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ለቱቦ አጠባ ኖሯል” አለች ንግሥቴ።

መሪጌታ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቱቦው ጠቁሮ ጠበቃት። በሦስተኛው ውስጡ ጓጉሎ ሲነኩት ያሙለጨልጭ ነበር።

“አጥበዋለሁ እኮ” አለች ንግሥቴ። “ባልሽው ሽቦ እስበዋለሁ፣ እሰቅለዋለሁ። ተመልሶ ይመጣል።”

“ከታጠበ አይመለስም፣ እትዬ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ ሻጋታው ምን በልቶ እንዲህ ያድጋል?”

ንግሥቴ መሪጌታን አየቻቸው። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዓለምብርሃን ንግሥቴ አባቷን ያየችበትን አስተያየት ይዛ ወደ ቡሬ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ አሰበችው። ንግሥቴ ከአባቷ በሃያ ዓመት ታንሳለች፤ የሰው አልጋ መጠበቅ ከጀመረች ወራት ሆኗታል። ሰው ይሰለቻል። ይህን ጥርጣሬዋን ለማንም አልተናገረችም፤ ለንስሐ አባቷም ቢሆን እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም።

በአራተኛው ቅዳሜ መሬት መሬት እያየች፣ “አባቴን ልውሰዳቸው” አለች። “ይህ ነገር እየገደላቸው ነው።”

“የቱ ነገር?” አለች ንግሥቴ።

ዓለምብርሃን ቦርሳውን ከምስማሩ አወረደች። ንግሥቴ አልተከራከረችም፤ የመሪጌታን ጋቢ አጣጥፋ ሰጠቻት። ዓለምብርሃን አለመከራከሯን ጥፋቷን እንደ ማመን ቆጠረችው።

“ከእኔ ጋር ይሂዱ፣ አባባ?”

“ጥሩ ነው፣ ልጄ።”

ቡሬ የተከራየችው አንድ ክፍል ነው። መሪጌታ ለአየር እንዲሆናቸው አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር እንዲሆን ጠየቁ፤ አደረገችላቸው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ቦርሳውን ሞልታ ከራስጌያቸው ትሰቅላለች። ለምሳ ስትመጣ ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል። እንደገና ትሞላለች፤ ከሰዓትም ባዶ ነው። በየቀኑ ቱቦውን በሶዳ ታጥባለች፣ ሽቦውን ትስባለች፣ ፀሐይ ላይ ትሰቅላለች። አንድ ጥቁር ነጥብ አልታየበትም። ጉንዳኖቹም አልመጡም። ሳላቸው እንኳ ቆመ።

“እንዴት ነው ውሃው፣ አባባ?”

“ጥሩ ነው፣ ልጄ። በጣም ንጹሕ ነው።”

ምግብ ከሁለት ጉርሻ፣ የማታ ሻይም ከሁለት ፉት አያልፍም። ከንፈራቸው ሲሰነጠቅ የሚያዝያ ሐሩር ነው ብላ ቅባት ቀባቻቸው።

በስምንተኛው ቀን ለንግሥቴ ደወለች።

“ቱቦው ብርጭቆ ይመስላል” አለቻት። ልትላት የፈለገችው ‘አንቺም ብታጥቢው ኖሮ’ ነበር፤ አፈረች።

“ይጠጣሉ?” አለች ንግሥቴ።

“ቦርሳው በቀን ሁለት ጊዜ ያልቃል።”

“እንግዲያውስ ደግ ነው” አለች ንግሥቴ።

በአሥራ አንደኛው ቀን መሪጌታ ሲጠሯቸው አልሰማ አሉ። የመጣው የጤና ባለሙያ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው እንደተነሣ ቀረ።

“ሰውነታቸው ደርቋል። ውሃ አይጠጡም?”

“ከእኔ ይበልጥ ይጠጣሉ” አለች ዓለምብርሃን፤ ቱቦውን አንሥታ አሳየችው። ባለሙያው ወደ ብርሃን አድርጎ አየው።

“ንጹሕ ነው” አለ።

በማግስቱ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ፍኖተ ሰላም ተወስዶ ተቀበረ።

ለቅሶው ላይ ንግሥቴ ከዓለምብርሃን አጠገብ ተቀምጣ ቆየችና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

“ማሩ አልቆብሽ ነበር?”

“የምን ማር?”

“ያለ ማር መች ይወርድላቸዋል፣ ልጄ። ከታመሙ ጀምሮ ባዶ ውሃ አፋቸው ሲገባ ያስመልሳቸው ነበር። ‘ለልጄ አትንገሪያት፣ ይህን ያህል ደክማ አምጥታልኝ’ ብለው አስማሉኝ። ብቻችሁን ስትሆኑ ራሳቸው ይነግሩሻል ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።”

“ጠጥተዋል እኮ፣ እትዬ” አለች ዓለምብርሃን። “በቀን ሁለት ጊዜ እሞላ ነበር። ጠጥተዋል።”

ይህን ስትል ቤት ያከራየቻት ወይዘሮ ዓባይነሽ ከቡሬ ደርሳ ገባች። አለቀሰች፣ አቀፈቻት፣ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

“እንደ መሪጌታ ያለ ርኅሩኅ ሰው የት ይገኛል፣ ልጄ” አለቻት፤ “አንቺ ስትወጪ ጠብቀው ቱቦውን በመስኮት አውጥተው ጠብ ሳያስቀሩ ለዶሮዎቼ ያጠጡልኝ ነበር።”